ለመደቡም ጎዝጉዙለት፦ የጓሮ ጥያቄዎቻችሁ ከነመልሳቸው

በልግ ሲቃረብ ጥያቄው ይበዛል። በዚህ ሰሞን ከወሎ የደረሱኝ አብዛኞቹ ጠባብ የከተማ ግብርና ቦታ ካላቸው ሰዎች ናቸው። የሁሉም ስሞታ አንድ ነው፤ አፈሩ ደክሟል። የደከመ አፈር ደግሞ እንደ ደከመ ሰው ነው፤ ማልበስና ማብላት ይፈልጋል።

ከደሴ፦ «በማኅበር ሆነን ዳገት ላይ ቦታ ደርሶናል። ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ ታጥቦ ይሄዳል። ከምን እንጀምር?»

ዘሩ ይቆይ። መጀመሪያ ውኃውን አዝግሙት። እርከኑ ዳገቱን አግድም ይቁረጠው። ልኩን ለማግኘት መሣሪያ መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ ሦስት እንጨትና ገመድ ይበቃል። ሁለት እኩል እንጨቶችን አናታቸው ላይ እሰሩና እግራቸውን ክፈቱ። ሦስተኛውን መሐል ላይ አግድም እሰሩት። ከአናቱ ድንጋይ በገመድ አንጠልጥሉ። ገመዱ የአግድሙን እንጨት እኩሌታ ሲነካ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ቆመዋል ማለት ነው። ችካል ትከሉ፤ አንዱን እግር ሳታነሱ ሌላውን አዙሩና ቀጥሉ። እርከኑ በችካሎቹ መስመር ይሠራል። ጠርዙ ላይ ደሾ ወይም ቬቲቨር ሣር ትከሉበት፤ ሥሩ አፈሩን ጨምድዶ ይይዘዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። መሬቱ የሚንሸራተት ከሆነ ውኃ አታቁሩበት። የእርከኑን ቦይ በጥቂቱ ዘንበል አድርጋችሁ ውኃው ቀስ ብሎ እንዲወጣ አድርጉት። የደሴን ዳገት የምታውቁ ለምን እንደምል ይገባችኋል።

ከኮምቦልቻ፦ «ኮምፖስቴ ይሸታል። ሁለት ወር ሆነው፣ አልበሰለም።»

አብሽር ወንድሜ፣ ይድናል። የሚሸተው አየር አጥቶ ነው። የወጥ ቤት ትራፊና እርጥብ ሣር ብቻ ከከመርክ ይላቁጣል። ክምሩን አፍርሰው። ጭድ፣ የተከታተፈ የበቆሎ አገዳ፣ ደረቅ ቅጠል እያፈራረቅህ እንደገና ከምረው። ደረቁ ከእርጥቡ በዛ ይበል። በየመሐሉ ትንሽ ፍግና አንድ ሁለት አካፋ የጓሮ አፈር ጣል አድርግ። ቁመቱም ስፋቱም ከአንድ ሜትር አይነስ፤ ትንሽ ክምር ሙቀት አይዝም።

ከዚያ ከአናቱ እስከ ታች ዘንግ ሰክተህ ተወው። ከሳምንት በኋላ መዝዘህ በእጅህ ንካው። ሞቆና ወዝቶ ከወጣ እየበሰለ ነው። ሞቆ ከደረቀ ውኃ አጠጣው። ቀዝቅዞና ረጥቦ ከሸተተ አሁንም ደረቅ ነገር ይጎድለዋል። በየሦስት ሳምንቱ አገላብጠው። ሲደርስ ጠቁሮ ይፈረፈራል፤ ሽታውም ዝናብ የመታው የጫካ አፈር ይመስላል። በክረምት መሬት ላይ ከምረህ ሸፍነው። በበጋ ጉድጓድ ይሻላል፤ እርጥበቱን ይጠብቃል።

ከወልዲያ፦ «አንዲት ላም አለችኝ። እበቱን ኩበት እያደረግኩ እጋግርበታለሁ። ለጓሮዬ የሚተርፍ የለም።»

እትዬ፣ ይህን ጥያቄ ሳነብ ልቤ ተነካ። እንጀራ ሳይጋገር አይታደርም፤ ስለዚህ «ኩበት አይንደድ» ብዬ አልፈርድብዎትም። ግን ኩበት ሲነድ ተክሉን የሚመግበው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ አፈሩ ጦሙን ያድራል። እስቲ ከሽንቷ እንጀምር። ላሟ የምትተኛበት ላይ ጭድ ያንጥፉላት። ሽንቷን የጠጣው ጭድ ራሱ ማዳበሪያ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጠርገው ኮምፖስቱ ላይ ይጣሉት። አጥሩን ደግሞ ሳስፓንያ በሚባለው ቁጥቋጦ ይክበቡት። ቶሎ ያድጋል። ቅጠሉ ለላሟ ነው፣ እንጨቱ ለምድጃው ነው፣ ሥሩም ናይትሮጅን ከአየር እየያዘ ለአፈሩ ይሰጣል። ማገዶው ሲደርስ በሳምንት አንድ ቀን እንኳን እበቱን ለጓሮው ይተዉለት። ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ካገኙ ደግሞ ሁለት ቀን ይሆናል። እኔ ወሎ ውስጥ የማየው ትልቁ የአፈር ችግር ይኸው ነው፤ ከመሬቱ ወስደን ወስደን መልሰን የምንሰጠው የለም።

ከሐይቅ፦ «አመድ ጓሮ ላይ ልበትን?»

በጥቂቱ፣ አዎ። ተክል የሚፈልገው ፖታሲየም አለው። ኮምጣጣ አፈርንም ያለዝባል። ከዩሪያ ወይም ከትኩስ እበት ጋር ግን አትቀላቅይው፤ ናይትሮጅኑ ተንኖ ይጠፋል። የላስቲክ አመድ በፍጹም አይነካሽ።

ከቆቦ፦ «ቅንጨ አረም ለኮምፖስት ይሆናል?»

ሳያብብ ከነቀልከው ይሆናል። ነጩ አበባ ከታየ በኋላ አይሆንም፤ አንዷ ተክል በሺህ የሚቆጠር ዘር ትጥላለች። ባዶ እጅህን አትንካው። ቆዳ ያሳክካል፣ ለአንዳንዱም አስም ይቀሰቅሳል።

አንድ ተማሪ፦ «ፐርማካልቸር የሚሉት ምንድን ነው?»

ስሙን ያወጡት ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ናቸው፤ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1978 ወጣ። «ዘላቂ» እና «ግብርና» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አጣምረው ነው። ጓሮውን እንደ ጫካ ታስበዋለህ፤ ረጅም ዛፍ፣ አጭር ዛፍ፣ አትክልት፣ ሐረግ፣ ሁሉም ተደጋግፎ ይኖራል። በቆሎ፣ አደንጓሬና ዱባን አሰባጥራ የምትዘራ እናት ስሙን ባታውቀውም ሥራውን ታውቀዋለች። አደንጓሬው በቆሎው ላይ ይጠመጠማል፣ አፈሩንም ያለማል። ዱባው መሬቱን ይሸፍናል።

ከሐርቡ፦ «የአትክልት መደቤን ጠዋት አጠጥቼ ማታ ደርቆ አገኘዋለሁ።»

እህቴ፣ ለቡና ቄጠማ ትጎዘጉዢ የለ? ለመደቡም ጎዝጉዥለት። ፀሐይ በቀጥታ የምትመታው አፈር ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ትሉም ይሸሻል። ጭድ፣ የደረቀ ሣር፣ የቡናው ቄጠማ ራሱ ሲነሳ ይሆናል። የቡናውን አተላም በላዩ ነስነስ አድርጊበት። የጉዝጓዙ ውፍረት አራት ጣት ያህል ይሁን። ቆየት ብለሽ ገለጥ አድርገሽ ብታዪ ከሥሩ ያለው አፈር ጠቁሮ፣ ቀዝቅዞ፣ የምድር ትል ሲርመሰመስበት ታገኚዋለሽ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን አታድርጊ፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ ለችግኝም አይስማማም። ጉዝጓዙን ከቲማቲሙ ግንድ ትንሽ አርቂው፤ ከተጠጋው ግንዱ ይበሰብሳል።