ለጎጃም ወጣት ጊታሪስቶች፦ ሶሎ የሚያርፍበትን ማወቅ

ይድረስ ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ከዳንግላ እስከ ሞጣ ጊታር ይዛችሁ ለምትታገሉ ልጆች።

ኮርዱን ለምዳችኋል፣ ዘፈንም ታጅባላችሁ። «ሶሎ ግባ» (ዜማውን ብቻህን ተጫወት) ስትባሉ ግን ጣታችሁ ስኬሉን (የቅኝቱን ድምፆች በተራ) እስከ ላይ ይወጣል፣ መልሶ ይወርዳል፣ ከዚያ ወዲያ የሚለው ያጣል። ብዙዎቻችሁ ፍጥነት የጎደላችሁ ይመስላችኋል። የጎደለው ማረፊያ፣ ማለትም ሐረጉ የሚዘጋበት ድምፅ ነው።

ከትዝታ ማይነር ቅኝት እንነሳ። ከኤ ሲነሳ ድምፆቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ እና ኤፍ ናቸው። ክሩን ከቀጭኑ እንቁጠር፦ 3ኛው ክር ላይ 2ኛ፣ 4ኛና 5ኛ ፍሬት በሌባ ጣት፣ በቀለበት ጣትና በትንሿ ጣት ይያዛሉ። ከዚያ ሌባ ጣት ወደ 5ኛ ፍሬት ይሻገርና 2ኛው ክር ላይ 5ኛና 6ኛ፣ 1ኛው ክር ላይ 5ኛ፣ 7ኛና 8ኛ ይመጣሉ። ስምንት ቦታ ብቻ ነው፤ ለጊዜው ከዚህ አትውጡ።

አሁን 5ኛውን ክር ሳትይዙ፣ ባዶውን እየደጋገማችሁ ለ3 ደቂቃ ስልካችሁ ላይ ቅዱ። እሱን ከፍታችሁ በላዩ ተጫወቱ፣ ኤ ላይ እረፉ። ቀጥሎ የ6ኛውን ክር ባዶ ድምፅ ቅዱና እነዚያኑ ስምንት ቦታዎች እየነካችሁ ኢ ላይ እረፉ። አንድ ፍሬት እንኳ ሳይለወጥ ወደ ሌላ ቅኝት፣ ወደ አምባሰል ገብታችኋል! ኤፍን በሁለቱም ላይ ያዝ አድርጋችሁ አድምጡት። በኤ ላይ እያዘነም ቢሆን ይቀመጣል፤ በኢ ላይ ግን ደጃፍ ቆሞ እንደሚያንኳኳ እንግዳ ነው፣ ኢ ላይ ካልወረደ አያርፍም። ይህን ልዩነት ጆሮ ሳይለየው ሌላ ስኬል መሸምደድ ትርፉ ድካም ነው።

ዐረፍተ ነገር ማበጀቱን ደግሞ ከደጃችሁ ተማሩት። የዋሸራ አገር ልጅ ቅኔ መቁጠር ሲጀምር በስምንት ቤቱ (ስንኙ) መወድስ አይጀምርም፤ በሁለት ቤቷ በጉባኤ ቃና ነው። ቅኔው በየጊዜው አዲስ ነው፣ ልኩ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሶሎም እንዲሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት በ3ኛው ክር ሦስት ድምፆች ብቻ ሥሩ፦ አራት አምስት ድምፅ ተጫውታችሁ ቢ ላይ አንጠልጥሉት፣ ትንፋሽ ውሰዱ፣ በዚያው ምት መልሱና ኤ ላይ ዝጉት። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ።

ሐረጉን ከመጫወታችሁ በፊት በአፋችሁ አንጎራጉሩት። አፍ ያላወጣውን ጣት ሲያወጣው ስኬል እንጂ ዜማ አይሆንም፤ ትንፋሽ ያለቀበት ቦታም የሐረጉ መጨረሻ ነው። አዝማሪ ሲዘፍን ማሲንቆው ስንኝ ካለቀ በኋላ ባለው ክፍተት ምን እንደሚመልስ አስተውሉ። ከጊታር ደግሞ የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምን ስሙ።

ምቱ ችክችካ ከሆነ በስድስት ቁጠሩ፤ ሜትሮኖሙ (ምት ጠባቂው) በ70 ሆኖ 1 እና 4 ላይ ይምታ። የተለመደው ጥፋት ሐረጉን ሁሉ ከ1 ማስነሳት ነው፤ እንደ ወታደር ሰልፍ ያደርገዋል። ከ2 ወይም ከ6 አስነሱት።

ቤንድ (ክሩን ገፍቶ ድምፁን ከፍ ማድረግ) ላይ ጥቂት ልቆይ፣ ብዙ ሶሎ የሚበላሸው እዚህ ነው። 3ኛው ክር 4ኛ ፍሬት ላይ ያለውን ቢ በቀለበት ጣት ግፉ፤ መሃል ጣትና ሌባ ጣት ከኋላ ሆነው ይደግፉት። በአንድ ጣት ብቻ ከተገፋ ሳይደርስ ይቀራል። የሚደርሰው ሲ ነው፣ ማለትም የ5ኛው ፍሬት ድምፅ፤ አስቀድማችሁ 5ኛውን ምቱት፣ ከዚያ ገፍታችሁ አመሳስሉት። 009 በሚባለው ቀጭን የክር ዓይነት ሲን አልፎ መሄድ ቀላል ነው። አኩስቲክ ላይ ግን 3ኛው ክር አብዛኛውን ጊዜ የተጠመጠመ ስለሆነ አይታዘዝም፤ እዚያ ከ4ኛ ወደ 5ኛ ማንሸራተት ይሻላል። አዲስ ክር ሲገፋ ይረግባልና በየመሃሉ ቃኙት።

ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው ኢፌክት) ለጊዜው ይቆይ፤ ስሕተት ይሸፍናል።

ማታ ማታ የአንድ ደቂቃ ሶሎ ቅዱና ስታዳምጡ ዝም ያላችሁባቸውን ቦታዎች ቁጠሩ። ከአራት ካነሱ በማግስቱ ወደ ሦስቱ ድምፆች ተመለሱ።