ማግኔትን በናኖሜትር ማየት ለምትፈልገው እህታችን፦ ማመልከቻሽን ከመላክሽ በፊት

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። በፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪሽን እየጨረስሽ ነው፤ የመመረቂያ ሥራሽ በኮባልት ፌራይት (የኮባልትና የብረት ማግኔታዊ ኦክሳይድ) ናኖ ቅንጣቶች ላይ ነው። ዶክትሬትሽን በማግኔት ኃይል ማይክሮስኮፕ፣ በተለምዶ ኤም ኤፍ ኤም በሚባለው፣ መሥራት ትፈልጊያለሽ። ዩኒቨርሲቲሽ ግን መሣሪያው የለውም። «ሳልነካው ማን ይቀበለኛል?» ብለሻል።

ይቀበሉሻል። መሣሪያውን ማንቀሳቀስ በጥቂት ሳምንት የሚለመድ ነገር ነው። ፕሮፌሰሮች የሚቸገሩት እውነተኛውን የማግኔት ምስል ማግኔት ከሚመስለው የሚለይ ተማሪ በማጣት ነው። ይህን ደግሞ እዚያው ባለሽበት ሆነሽ መማር ትችያለሽ።

አሠራሩን ከሥር ያዢው። ኤም ኤፍ ኤም በ1987 በአይ ቢ ኤም ተመራማሪዎች በማርቲንና በዊክራማሲንግ እጅ ብቅ ያለ የአቶሚክ ኃይል ማይክሮስኮፕ ልጅ ነው። ቀጭን የሲሊኮን ምላስ፣ ማለትም ካንቲሌቨር፣ ጫፉ ላይ ሹል መርፌ አለው፤ መርፌው በጥቂት አሥር ናኖሜትር ውፍረት በኮባልት ክሮሚየም ይለበጣል። እያንዳንዱ መስመር ሁለት ጊዜ ይቃኛል። መጀመሪያ መርፌው ገጹን እየነካካ ወጣ ገባውን ይመዘግባል። ከዚያ ከ20 እስከ 100 ናኖሜትር ከፍ ብሎ ያንኑ ቅርጽ ተከትሎ ይደግመዋል፤ ካንቲሌቨሩ ይንዘፈዘፋልና የንዝረቱ ፌዝ (phase፣ ማለትም ንዝረቱ ከሚያንቀሳቅሰው ግፊት ምን ያህል እንደሚዘገይ) ምን ያህል እንደተዛባም ይለካል። ከፍ ሲል የቅርብ ርቀት ኃይሎች ይደክማሉ፤ የማግኔቱ ኃይል ግን ይደርሳል። በጣም ዝቅ ካልሽ የገጹ ወጣ ገባ ፌዙ ውስጥ ይገባል፤ በጣም ከፍ ካልሽ ምስሉ ይደበዝዛል። ከ50 ናኖሜትር ጀምሮ ቀስ በቀስ መውረድ ይሻላል። ትዕግሥትም ይጠይቃል፦ አንድ መስመር ደርሶ መልስ 2 ሰከንድ ከፈጀ፣ ሁለት ጊዜ ሲቃኝ 4 ሰከንድ ነው፤ 256 መስመር 17 ደቂቃ ይወስዳል።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና። መርፌውን ከማይክሮስኮፑ አውጥተሽ በትንሽ ቋሚ ማግኔት ታመገንቺዋለሽ፤ ትቃኛለሽ። ቀጥሎ የማግኔቱን ዋልታ ገልብጠሽ እንደገና ታመገንቺውና ያንኑ ቦታ ትቃኛለሽ። ለምሳሌ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ቁራጭ ላይ ጥቁር የነበሩት የመረጃ ጭረቶች ነጭ፣ ነጮቹም ጥቁር ይሆናሉ። ያልተገለበጠው አቧራ፣ ጭረት ወይም የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። (ዲስክ ስትቆርጪ ተጠንቀቂ፤ የላፕቶፕ ዲስኮች ብዙ ጊዜ መስታወት ስለሆኑ ይሰባበራሉ። የዴስክቶፑ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው።)

ያንቺ ናሙና ግን ይህን ፈተና ያወሳስበዋል፤ ደብዳቤሽ ላይ ጎልቶ መታየት ያለበትም ይኸው ነው። በጣም ትንንሽ የፌራይት ቅንጣቶች ሱፐርፓራማግኔቲክ ናቸው፤ የመርፌውን መስክ ተከትለው ይዞራሉ። ስለዚህ መርፌው በየትኛውም አቅጣጫ ቢመገነት ኃይሉ ሁልጊዜ መሳብ ነው፤ ምስሉ አይገለበጥም። የኤሌክትሪክ ኃይልም እንደዚሁ ሳይገለበጥ ስለሚቀር ሁለቱ ይምታታሉ። መለያው በማግኔት ባልተለበጠ መርፌ ማነጻጸር፣ ወይም የውጭ መስክ እየቀያየሩ መቃኘት ነው። ደግሞም ደረቅ ዱቄት እንዳለ እቃኛለሁ ብለሽ አትጻፊ፤ ቅንጣቱ መርፌው ላይ ይጣበቅና ምስሉን ሁሉ ያበላሻል። በኤታኖል አቅጥኖ፣ በአልትራሳውንድ በትኖ፣ ሚካ (ገጹ እጅግ ልሙጥ የሆነ ማዕድን) ላይ ጠብ አድርጎ ማድረቅ ነው መንገዱ። እንደ ፐርማሎይ (የኒኬልና የብረት ቅይጥ) ያለ ለስላሳ ማግኔት፣ ማለትም የማግኔት አቅጣጫው በቀላሉ የሚቀየር፣ ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፦ ማግኔቱ የበረታ መርፌ ዶሜይኑን (ማግኔቱ ወደ አንድ አቅጣጫ የዞረበትን ክልል) ራሱን ያንቀሳቅሰዋል። ምልክቱ ድንገተኛ አግድም መስመርና የሄደበትና የተመለሰበት ቅኝት አለመመሳሰል ነው። በቀጭኑ የተለበጠ መርፌ ይፈልጋል።

እስከ ማመልከቻው ድረስ ሁለት ነገር ሥሪ። ግዊዲዮን የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር አውርጂ፤ በቼክ የሥነ ልክ ተቋም የሚሠራ ሲሆን ለኤም ኤፍ ኤም መረጃ የተዘጋጁ መሣሪያዎች አሉት። ቀጥሎ ኦኦኤምኤምኤፍ (OOMMF) በሚባለው ነፃ የማይክሮማግኔቲክስ ፕሮግራም፣ ማለትም በትንንሽ ማግኔቶች ውስጥ ያለውን የማግኔት አቅጣጫ በሚያሰላው፣ አንድ የፐርማሎይ ክብ አስልተሽ፣ ጠመዝማዛው ዶሜይን በኤም ኤፍ ኤም ምን እንደሚመስል ሥዪ። ግራፊክስ ካርድ አይፈልግም፤ ተራ ላፕቶፕ ይበቃዋል።

ደብዳቤሽ ከአንድ ገጽ አይለፍ። «ናኖቴክኖሎጂ እወዳለሁ» የሚለውን ተዪው፤ ይልቁንም ያን የሠራሽውን ምስል አያይዢና በሦስት ዓረፍተ ነገር ምን እንደሚያሳይና የት ሊያሳስት እንደሚችል ጻፊ። ከናሙና ዝግጅት ጋር ያለሽ ልምድም ዋጋ አለው፤ አትደብቂው። በቲዎሪ በኩል መጠናከር ካስፈለገሽ፣ በጣሊያን ትሪየስቴ ያለው አይሲቲፒ ለታዳጊ አገር ተማሪዎች ወጪያቸውን ሸፍኖ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ይሰጣል። አልማዝ ውስጥ ባለ ኤን ቪ በሚባል ጉድለት (የናይትሮጅን አቶምና አጠገቡ ያለ ባዶ ቦታ) የማግኔት መስክን በቁጥር የሚለካው አዲሱ የቅኝት ስልትም አብሮ የሚሄድ ዘርፍ ነው፤ የምታመለክቺበት ቡድን ከኤም ኤፍ ኤምና ከዚህ ስልት በየትኛው እንደሚሠራ ጽሑፎቹን አንብበሽ ደብዳቤሽን በዚያው ልክ አስተካክዪ።