ክፍያ ዘግይቷል ብሎ ሥራ ከማቆም በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ይህ ነው፦ ስላቡ (የኮንክሪት ወለሉ) ተሞልቷል፤ ሦስተኛውን የክፍያ ጥያቄ ካስገባህ ስድስት ሳምንት ሆኖታል፤ ባለቤቱ ግን «የተጨመረው ቁፋሮና የተቀየረው ግድግዳ ውሉ ላይ የለም» ብሎ ክፍያውን በሙሉ ይዞብሃል። ሥራ ማቆም እችላለሁ ወይ ነው ያልከው።

ለጊዜው ሠራተኛ አትበትን። ብዙ ተቋራጭ የሚገባው ገንዘብ እያለው የሚሸነፈው ያለ ማስጠንቀቂያ ሳይት ጥሎ ስለሚወጣ ነው። ከወጣ በኋላ ክርክሩ ስለ ክፍያው መሆኑ ይቀርና «ሥራ ትቶ ሄደ» ወደሚለው ይዞራል፤ ሥራውን በውሉ መሠረት እንደምትፈጽም ያስያዝከው የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትናም አደጋ ላይ ይወድቃል።

መጀመሪያ ውልህን አውጣና ቀን ቁጠር። ውሉ በፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) የ1999 ቀይ መጽሐፍ፣ ማለትም በመደበኛ የግንባታ ውል ቅጹ ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ ባለቤቱ መክፈል ያለበት መሐንዲሱ (ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ) ጥያቄውን ከነማስረጃው ከተቀበለበት ቀን አንስቶ በ56 ቀን ውስጥ ነው። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው፤ ገና 14 ቀን ይቀራል ማለት ነው። ዛሬ ብታቆም ውል አፍራሹ አንተ ትሆናለህ። «ከነማስረጃው» የሚለውንም ልብ በል፤ ቴክኦፍ ሺት (የሥራው ልኬት የተሰላበት ወረቀት) ሳታያይዝ ያስገባኸው ጥያቄ ከሆነ ቆጠራው አልጀመረም ብለው ሊከራከሩህ ይችላሉ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን ለዘገየው ክፍያ ወለድ ትጠይቃለህ፤ ቢያንስ የ21 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ሰጥተህም ሥራ ማቀዝቀዝ ወይም ማቆም ትችላለህ። ውልህ ሌላ ዓይነት ከሆነ ቀኖቹ ይለያያሉ፤ ውሉ ዝም ያለበትን ቦታ የአገሩ ሕግ ይሸፍነዋል።

ወደ ቁፋሮው እንምጣ፤ ትልቁ ጣጣ እዚህ ነው። ውልህ በልኬት የሚከፈል ነው ወይስ በጥቅል ዋጋ? በልኬት ከሆነ የቁፋሮው መብዛት የለውጥ ትዕዛዝ (ሥራው እንዲቀየር የሚሰጥ የጽሑፍ መመሪያ) እንኳ ላያስፈልገው ይችላል፤ የተለካው በነጠላ ዋጋው ይከፈላል። ጥያቄው ማን ለካው የሚለው ነው። ለምሳሌ 2 በ2 ሜትር የሆኑ 12 ፉቲንጎች (የምሰሶ መሠረቶች) በ1.5 ሜትር ጥልቀት 72 ሜትር ኩብ ቁፋሮ ናቸው። አፈሩ ደካማ ሆኖ 2.3 ሜትር ከተወረደ 110.4 ይሆናል፤ ልዩነቱ 38.4 ሜትር ኩብ ነው። በዚህም አያበቃም። የተቆፈረው አፈር መጫን አለበት፤ ሙሌቱ ይጨምራል፤ ኮለኑም (ምሰሶው) በ0.8 ሜትር ይረዝማል። ኮለኑ 40 በ40 ሴንቲ ከሆነ ለ12ቱ በድምሩ 1.5 ሜትር ኩብ ያህል ኮንክሪትና 15 ሜትር ካሬ ያህል ፎርምወርክ (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ) ተጨመረ ማለት ነው፤ ብረቱ ለብቻው። ሊን ኮንክሪቱ (ከመሠረቱ ሥር የሚነጠፈው ስስ ኮንክሪት) ከመፍሰሱ በፊት የሁለቱም ወገን ፊርማ ያረፈበት የልኬት ወረቀት ካለ ነገሩ አለቀ። ከሌለ የሳይት ቡኩን (የሥራ ቦታውን የዕለት መዝገብ)፣ የመሐንዲሱን የኮንክሪት ሙሌት ፈቃድ፣ የአፈር ጭነት ደረሰኝና ሜትር ተዘርግቶበት የተነሳ ፎቶ ሰብስብ። ከሥዕሉ አስፍተህ የቆፈርከው የመሥሪያ ቦታ ግን ውሉ ካልፈቀደ አይከፈልም፤ እሱን ጥያቄው ውስጥ ካስገባኸው የሚገባህንም ጭምር ያስጠረጥርብሃል።

የግድግዳው ጉዳይ ይለያል። ከ15 ወደ 20 ሴንቲ ብሎኬት መቀየር የለውጥ ሥራ ነው፤ የጽሑፍ ትዕዛዝ ይፈልጋል። በቃል ታዘህ ከሆነ «በዚህ ቀን ሳይት ላይ በተሰጠን የቃል ትዕዛዝ መሠረት» ብለህ ማረጋገጫ ጻፍ፤ ለአማካሪውም ግልባጭ አድርግ። ባለቤቱ በቴሌግራም «እሺ ቀይሩት» ብሎህ ከነበረ መልእክቱን አትሰርዝ። አዲሱን ዋጋ ስታቀርብ የቁሳቁሱንና የጉልበቱን ዝርዝር አሳይ፤ ውሉ ላይ ካለው የ15 ሴንቲ ዋጋ ተነስተህ። ለተጨማሪ ክፍያና ጊዜ የይገባኛል ማስታወቂያ ማስገቢያው በዚሁ ፊዲክ 28 ቀን ነው፤ ካለፈ መብቱ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አታሳድር።

አሁን የክፍያ ጥያቄህን ሦስት ቦታ ክፈለው፦ ውሉ ላይ ያለ ሥራ፣ ትዕዛዝ ያለው ለውጥ፣ የሚያከራክረው። የመጀመሪያው ወዲያው እንዲከፈል ጠይቅ። ባለቤቱም ቢሆን ጉድለት ወይም ክርክር ያለበትን መጠን ለይቶ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይያዝ እንጂ በአንድ ግድግዳ ሰበብ የስላቡን ክፍያ መያዙ ጥፋተኛ ያደርገዋል።

የባለቤቱ ስጋት ግን ከንቱ አይደለም። የውሉ ዋጋ 1,000,000፣ ቅድመ ክፍያው 20 በመቶ፣ ከየክፍያው ለዋስትና የሚያዘው የመያዣ ተቀናሽ 5 በመቶ ቢሆን፣ የ400,000 ሥራ ሲሠራ 80,000 ለቅድመ ክፍያው መመለሻ፣ 20,000 ለመያዣ ይቀነስና የሚከፈለው 300,000 ነው። ቀድሞ ከወሰድከው 200,000 ጋር 500,000 እጅህ ገብቷል፤ ሥራው ደግሞ 400,000። ይህ ስሌት ሳይገለጽለት «ከሠራኸው በላይ ከፍያለሁ» የሚል ባለቤት ብዙ ነው። ከቅድመ ክፍያው ያልተመለሰው 120,000 በዋስትና ወይም ሳይት ላይ ባለ ብረትና ሲሚንቶ መሸፈኑን በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ አሳየው፤ ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያው ይበርዳል። ለንዑስ ተቋራጮችና ለአቅራቢዎች የከፈልክበትንም ደረሰኝ አያይዝ፤ በአንዳንድ አገር፣ ለምሳሌ በአሜሪካ ግዛቶች፣ ያልተከፈለው አቅራቢ ሕንፃው ላይ የዕዳ መያዣ ማስመዝገብ ስለሚችል ባለቤቱ ሁለቴ እንዳይከፍል ይፈራል።

የማስታወቂያው ጊዜ አልፎም ካልከፈለ፣ ከማቆምህ በፊት ባለቤቱንና አማካሪውን በደብዳቤ ጠርተህ ያለቀውን ሥራ አስለካ፤ ባይመጡም ለክተህ ላክላቸው። ስላቡ እንዲጠነክር ውኃ የመጠጣት ጊዜው ካላለቀ ጨርስለት፤ የወጣውን የኮለን ብረት ከዝገት ጠብቅ፤ ዘበኛ አቁም፤ የቆሙ ማሽኖችንና የዘበኛውን ወጪ በየቀኑ መዝግብ።