መልስ፦ ሴቶች መጀመሪያ ይማሩ ወይስ ወንበር ይሰጣቸው?

ወንድሜ፣ «በወረዳችን ሴቶችን ለማገዝ ከየት እንጀምር? ሳይማሩ ወንበር መስጠት ለይስሙላ አይሆንም ወይ?» ላልከው የህንድን ገጠር ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1993 ሥራ ላይ የዋለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከመንደር ምክር ቤት መቀመጫም ከሊቀመንበርነቱም አንድ ሦስተኛው ለሴቶች እንዲሆን አዘዘ። ከተመረጡት ብዙዎቹ እምብዛም ያልተማሩ ነበሩ፤ ባል ከኋላ ሆኖ የሚያዝባቸውም አልጠፉም። ሆኖም በምዕራብ ቤንጋል የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ሴት የምትመራቸው መንደሮች ለመጠጥ ውኃ የበለጠ ሠሩ። ውኃ ቀጂዋ እሷ ናታ! እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን ሌላው ነው፦ ሊቀመንበርነቱ ሁለት የምርጫ ዙር ለሴት በተመደበባቸው መንደሮች ወላጆች ለሴት ልጃቸው የሚመኙት ከፍ አለ፤ በወጣት ወንዶችና ሴቶች መካከል የነበረው የትምህርት ልዩነትም ጠፋ። ወንበሩ ትምህርቱን ጎተተው ማለት ነው።

ትምህርቱ ደግሞ በምክር ብቻ አይመጣም። የህንዷ ቢሃር ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 9ኛ ክፍል ለሚገቡ ሴት ልጆች የብስክሌት መግዣ ገንዘብ ሰጠ፤ በተለይ ትምህርት ቤት በሚርቃቸው መንደሮች የሚመዘገቡት ልጃገረዶች ጨመሩ። የእኛም ገጠር ችግር ይኸው ነው። 8ኛን የጨረሰች ልጅ ከተማ ቤት ተከራይታ፣ ስንቋን ከቤተሰቧ እያመላለሰች መማር አለባት። ወላጅ ለደኅንነቷ ይፈራል፣ ኪራዩም ይከብዳል፣ በዚያው ትቀራለች። ስለዚህ አቅማችሁን አሰባስባችሁ መጀመሪያ ለልጃገረዶቹ ከተማ ላይ ማደሪያ ፈልጉላቸው፤ የቀበሌ ምክር ቤቱን ወንበርም ጎን ለጎን ሳትውሉ ሳታድሩ ጠይቁ።