የ22 ደቂቃ አጭር ፊልም ወደ ውጭ ፌስቲቫል ስትልኩ፦ ከምርቃቱና ከዩቲዩቡ በፊት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ 22 ደቂቃ የሚፈጅ የአማርኛ አጭር ፊልም ጨርሳችኋል፣ በቅርቡ አዲስ አበባ አስመርቃችሁ ዩቲዩብ ላይ ልትጭኑት አስባችኋል፣ ጎን ለጎን ደግሞ ውጭ አገር ማወዳደር ትፈልጋላችሁ፤ ከየት ይጀመራል? መልሱ ይረዝማል። ቀሪውን ሳታነቢ በፊት ግን ዩቲዩቡን አስቁሚው፣ ምርቃቱንም አቆዪው።

ትልልቆቹ ፌስቲቫሎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ፊልሙ የት የት ታይቷል የሚለውን ነው። የትም አገር ለሕዝብ ካልታየ «ወርልድ ፕሪሚየር» አለው ይባላል። በተሠራበት አገር ብቻ ከታየ ይህን ያጣና «ኢንተርናሽናል ፕሪሚየር» ብቻ ይተርፈዋል። ስለዚህ ትኬት የተሸጠበት፣ ጋዜጠኛ የተጠራበት የአዲስ አበባ ምርቃት የመጀመሪያውን ይወስድባችኋል። ከዚያ ደግሞ አንድ ሰው ዋሽንግተን ዲሲ ላሉት ወገኖቻችን አዳራሽ ተከራይቶ ካሳየው ሁለተኛውም ሄደ። የበርሊን ፌስቲቫል በአጭር ፊልም ክፍሉ የሚቀበለው ከሁለቱ አንዱ ያለውን ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ተከፍቶ የነበረን አይወስድም። ቪዲዮውን በኋላ ማጥፋት አይመልሰውም፤ ቅጹ ላይ «ኢንተርኔት ላይ ታይቷል?» ተብለሽ ስትጠየቂ እውነቱን ነው የምትሞዪው፣ ዋሽቶ መገኘት ከምርጫ ያሰርዛል። ተዋንያኑና ሠራተኞቹ ብቻ ተጠርተው በር ተዘግቶ ቢያዩት አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርም፤ ቡድኑን ማስደሰት ከፈለጋችሁ እንደዚያ አድርጉ። ሁሉም ፌስቲቫል እንዲህ አጥባቂ አይደለም። ፈረንሳይ ያለው ክሌርሞን ፌራን፣ ለአጭር ፊልም ትልቁ መድረክ ሆኖ ሳለ፣ ሌላ ቦታ የታየን ፊልም ይቀበላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከአጥባቂው ወደ ለዘብተኛው ነው፤ ዩቲዩብ የሁሉም መጨረሻ።

ቀጥሎ የፊልሙ ርዝመት። ካን ለአጭር ፊልም ውድድሩ ከ15 ደቂቃ በላይ አይቀበልም። ቬኒስ ኦሪዞንቲ በሚባለው የውድድር ክፍሉ ለአጭር ፊልም ያስቀመጠው ጣሪያ 20 ደቂቃ ነው። በርሊን እስከ 30 ይሄዳል፣ ለኦስካር አጭር ፊልም የሚባለው እስከ 40 ነው። ሁሉም የስም ዝርዝሩን ጨምረው ነው የሚቆጥሩት። የእኛ አገር አጫጭር ፊልሞች መግቢያ ላይ የስፖንሰርና የድርጅት አርማ ይደረድራሉ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የምስጋና ዝርዝሩ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሮጣል። ያንን ወደ 40 ሴኮንድ ብታወርዱት 22ቱ ደቂቃ ወደ 20 ተጠግቶ ቬኒስ ሊከፈትላችሁ ይችላል። ከደንቡም ሌላ ምክንያት አለ፦ መራጮቹ አጫጭር ፊልሞችን እየሰበሰቡ ዘጠና ደቂቃ ገደማ የሚሆን አንድ መርሐ ግብር ይሠራሉ፣ 22 ደቂቃ ደግሞ የሁለት ፊልም ቦታ ይይዛል። ካላሳመናቸው ቀድሞ የሚወድቀው ረጅሙ ነው። አርማዎቹን ወደ መጨረሻ አውርዷቸው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ታሪኩ ይያዛቸው።

ብዙ ሰው የማያስበው ጉዳይ የዘመን አቆጣጠራችን ነው። መጨረሻ ላይ «2017 ዓ.ም» ብላችሁ ከጻፋችሁ ፈረንጁ መራጭ ፊልሙ በ2017 የተሠራ ይመስለዋል፤ ካለቀ ሰባት ስምንት ዓመት ያለፈው ያረጀ ፊልም ሆኖ ይታየዋል። አብዛኞቹ ደግሞ የሚቀበሉት ባለፈው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ውስጥ የተጠናቀቀን ብቻ ነው። ፊልሙም ቅጹም ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር ጻፉ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ የመዝጊያው ሰዓት በመካከለኛው አውሮፓ 23:59 ከተባለ፣ በክረምታቸው ለእኛ ከሌሊቱ 7:59፣ በበጋቸው 6:59 ነው። ለማንኛውም መጨረሻዋን ሌሊት አትጠብቁ፣ መብራትና ኔትወርክ ቀጠሮ አያከብሩም።

ስሞቹን በተመለከተ፣ በግዕዝ ፊደል ብቻ የተጻፈ የስም ዝርዝር ለእነሱ ባዶ ገጽ ነውና በላቲን ፊደልም አስቀምጡ። የዳይሬክተሩ ስም አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል ይመሳሰል፤ አለዚያ በኋላ የግብዣ ደብዳቤውና የሽልማት ገንዘቡ ሁለቱም ይቸገራሉ።

ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ ሰብታይትሉ ላይ፣ ማለትም ከምስሉ ግርጌ በሚነበበው የእንግሊዝኛ ትርጉም ላይ አውጡ። ጥሩ ፊልም የሚወድቀው ከምስሉ ይልቅ በዚህ ነው ብል አላጋነንኩም። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር፣ በአንድ መስመር ከ42 ፊደል አይብለጥ። ከአንድ ሴኮንድ በታች ብልጭ ብሎ አይጥፋ፣ ከሰባት ሴኮንድ በላይም አይቆይ። አንባቢው በሴኮንድ ወደ 17 ፊደል ነው የሚችለው፤ አማርኛው ከፈጠነ እንግሊዝኛውን አሳጥሩት እንጂ አታጭቁት። ዘፈኑ፣ ጸሎቱ፣ ከጀርባ የሚሰማው ሬዲዮ፣ ስልክ ላይ የሚነበበው መልእክት፣ ታሪኩን የሚነካ የበር ላይ ጽሑፍ ሁሉ ይተርጎም። የመጨረሻ ንባቡን አማርኛ የማይሰማ ሰው ያድርገው፤ እናንተ ንግግሩን ስለምትሰሙ ጉድለቱ አይታያችሁም። መራጮች በሚያዩት ቅጂ ላይ ሰብታይትሉ ምስሉ ላይ የታተመ ይሁን። ጎን ለጎን ምንም ያልታተመበት ንጹሕ ቅጂና ለብቻው የኤስአርቲ ፋይል (ሰብታይትሉን ከነሰዓቱ የያዘ የጽሑፍ ፋይል) ያዙ፤ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ በፌስፓኮ፣ ብትመረጡ የዋጋዱጉ ተመልካች የሚያነበው ፈረንሳይኛ ነው።

ፌስፓኮን ካነሳሁ፣ ለአፍሪካዊ ፊልም ሠሪ ከ1969 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያለ ቤቱ ነው። በየሁለት ዓመቱ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ጎዶሎ በሆነው ዓመት፣ የካቲት መጨረሻ አካባቢ ይካሄዳል። በ2009 ትልቁን የየኔንጋ ሽልማት የወሰደው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነበር። ቱኒዚያ ያለው ካርቴጅ ደግሞ በ1966 የተጀመረ ነው። የደቡብ አፍሪካው ደርባን ሐምሌ ላይ ነው። እነዚህን ሦስቱን «ትንሽ» ብሎ አልፎ ካን ላይ ብቻ መንጠልጠል ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም።

መላኪያው ለብዙዎቹ ፊልምፍሪዌይ የሚባለው ድረ ገጽ ነው፤ ትልልቆቹ በራሳቸው ድረ ገጽ ይቀበላሉ። ለመራጮች የሚሆነው ፋይል ኤምፒ4፣ 1080፣ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት ቢሆን ይበቃል፤ 22 ደቂቃው 1.6 ጊጋባይት አካባቢ ይመጣል። ቪሚዮ በሚባለው የቪዲዮ ድረ ገጽ ላይ በይለፍ ቃል ካስቀመጣችሁት የይለፍ ቃሉን እስከ ውጤቱ ቀን አትንኩት። መራጩ ሊንኩ ካልከፈተለት ጽፎ አይጠይቃችሁም፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ማስተካከያ ቢኖራችሁ እዚያው ሊንክ ላይ ፋይሉን መተካት ይቻላል። አብረው የሚሄዱት፦ የአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጭብጥ፣ ከመቶ ቃል የማይበልጥ ማጠቃለያ፣ የዳይሬክተሩ ማስታወሻና አጭር የሕይወት ታሪክ፣ ከአራት እስከ አምስት ፎቶ። ፎቶው ከፊልሙ ትዕይንት ይሁን፣ ካሜራ ከብቦ የቆመ ቡድን አይሁን።

ክፍያው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 60 ዶላር ነው፤ ቀድሞ ለሚልክ ይረክሳል፣ ለዘገየ ይወደዳል። ከመክፈላችሁ በፊት ለፌስቲቫሉ ኢሜይል ጻፉና ክፍያ እንዲያነሡላችሁ ጠይቁ። አምስት መስመር ይበቃል፦ ማን እንደሆናችሁ፣ የፊልሙ ርዝመትና ጭብጥ፣ ሊንኩ፣ ከኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ መክፈል ለምን እንደሚከብድ። ከመዝጊያው ሁለት ወር በፊት የጠየቀ የማግኘት ዕድል አለው፣ በመጨረሻው ሳምንት የጠየቀ ግን ዕድሉ ጠባብ ነው። እምቢ ካሉ ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ሊከፍል ይችላል፤ አካውንቱ ግን በእናንተው ስም ይሁን።

እዚያው ፊልምፍሪዌይ ላይ ስሙ የገነነ፣ ሥራው ክፍያ መሰብሰብ ብቻ የሆነ ፌስቲቫልም ሞልቷል። በየወሩ ይሸልማል፣ የሽልማት ዘርፉ ከመቶ ይበልጣል፣ የአምና መርሐ ግብር ወይም የአዳራሽ ስም የለውም፣ «አሸንፋችኋል» ካለ በኋላ ለዋንጫው ክፈሉ ይላል። «ኦስካር ብቁ» የሚለውን ማስታወቂያ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ራሱ በሚያወጣው ዝርዝር ላይ ፈልጉ። እውነት ቢሆን እንኳ ብቁ የሚያደርገው የተወሰነውን ሽልማት ማሸነፍ ነው፣ መመረጥ ብቻውን አይደለም።

ሙዚቃ፦ የድሮ ዘፈን ከተጠቀማችሁ ሁለት ፈቃድ በጽሑፍ ያስፈልጋል፣ አንዱ ከግጥሙና ከዜማው ባለቤቶች፣ ሌላው ከቅጂው ባለቤት። «ዘፋኙ በቃሉ ፈቅዶልኛል» አያስኬድም። የፈቃዱ ጽሑፍ በዓለም ዙሪያ በፌስቲቫል ማሳየትን ይጥቀስ፣ ቢቻል ኢንተርኔትንና ቴሌቪዥንንም።

ከተመረጣችሁ ዲሲፒ፣ ማለትም የሲኒማ ቤት ማጫወቻ የሚቀበለውን የፊልም ቅጂ፣ ይጠይቋችኋል። ዲሲፒኦማቲክ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይሠራዋል፤ 22 ደቂቃው 20 ጊጋባይት ገደማ ነው። ሁለት ነገር ይበላሻል። የመጀመሪያው ፍጥነቱ ነው፦ እኛ ጋ ብዙው የሚቀረጸው በሴኮንድ በ25 ፍሬም (ምስል) ነው፣ የሲኒማው ነባር ልክ 24 ነው። ፌስቲቫሉ 25 የሚያጫውት ከሆነ እንዳለ ላኩት። ካልሆነ ወደ 24 ሲወርድ ፊልሙ በ4 በመቶ ገደማ ይረዝማል፣ ድምፁም ካልተስተካከለ ይወፍራል። ሁለተኛው ድምፅ ነው፦ በስቴሪዮ ብቻ ከሆነ ንግግሩ ከስክሪኑ መሐል ሳይሆን ከግራና ቀኝ ድምፅ ማጉያ ይወጣል፣ ዳር የተቀመጠ ሰው ተዋናዩን ከጎኑ ነው የሚሰማው። ለንግግሩ የራሱ የመሐል ድምፅ ማጉያ ያለው ባለ 5.1 ቅልቅል ይሻላል። ዲሲፒውን አትቆልፉ፤ የቁልፍ ፋይሉ ከአዳራሹ ሰርቨር ወይም ከሰዓቱ ካልገጠመ ፊልሙ አይነሣም። ከመላካችሁ በፊት አንድ ጊዜ እውነተኛ ሲኒማ ቤት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር እዩት።

የመመረጫው ኢሜይል በደረሰ ቀን የግብዣ ደብዳቤ ጠይቁ። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይገባል፣ ቢዘገይ ደግሞ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት። የቀጠሮ ወረፋው ግን ከዚያ በፊት ያልቃል። ደብዳቤው ላይ ማረፊያውንና ቲኬቱን ማን እንደሚሸፍን በግልጽ እንዲጽፉላችሁ ንገሯቸው።