ለሶፍትዌር መመሪያ ጸሐፊዎች፦ ስለ አንድ የንብረት ክፍል ደብተር

በቅርቡ አንድ ወጣት ፕሮግራመር «መመሪያ የሚያነብ ሰው በሌለበት ዘመን ለምን እንጽፋለን?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ያየሁትና እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ደብተር ትዝ አለኝ።

መሥሪያ ቤቱ የንብረት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሲገዛ አብሮ የመጣው ወፍራም መመሪያ በስክሪኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ሁሉ በተራ ይዘረዝራል፤ ዕቃ ተረክቦ የገቢ ደረሰኙን፣ ሞዴል 19ን፣ የቆረጠ ንብረት ያዥ ከየት እንደሚጀምር ግን አንድም ቦታ አይናገርም። ንብረት ያዥዋ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት፣ መመሪያውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው የራሳቸውን ደብተር ያዙ። ርእሶቹ «ዕቃ ሲገባ»፣ «ሞዴል 22 ሲቆረጥ» (ዕቃ ወጪ የሚሆንበት ደረሰኝ ነው)፣ «ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ» የሚሉ ነበሩ። ከሁሉ ረጅሙ ስለ ቀን የጻፉት ነበር። ጳጉሜ 3 የገባን ዕቃ ሰው 3/13 ብሎ ቢመዘግበው፣ ኮምፒውተሩ ወርን ከቀን የሚያስቀድም በመሆኑ፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ማርች 13 አድርጎ ይቀበለዋል፤ ዓመቱም በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ ዕቃው ከመገዛቱ ከስምንት ዓመት በላይ አስቀድሞ ገቢ የሆነ ይመስላል። እትዬ ጳጉሜ 3 ሴፕቴምበር 8፣ በጀት የሚዘጋበት ሰኔ 30 ደግሞ ጁላይ 7 መሆኑን በሰንጠረዥ አስፍረውት ነበር። የሻጩ ድርጅት ባለሙያዎች ሲመላለሱ ደብተሩን ገልጦ ያየ አልነበረም፤ እርሳቸው ጡረታ ሲወጡም ከአሮጌ ፋይል ጋር ተጠርጎ ተጣለ። ቀጣዩ መመሪያ ይበልጥ ወፍሮ መጣ።

በቀላል ቋንቋ ጻፉ የሚለውን ምክር ጠግባችሁታልና አልደግመውም። የእናንተ ትውልድ «ቪዲዮ ይበቃል» ማለት ያበዛል፤ ሹፌር መጋዘን በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሠራተኛ ግን ቪዲዮ እያስቆመ የሚፈልገውን ለማግኘት ፋታ የለውም። (የስልኬን ፊደል ያስተካከልሁት እኔም በቪዲዮ መሆኑን አልክድም።) ምዕራፎቻችሁን በሰውየው እጅ ላይ ባለው ሥራ ሰይሙ። የስህተት መልእክትን ስትጠቅሱ በስክሪኑ ላይ እንደሚታየው ቃል በቃል ጻፉት፤ ከሥሩም የተመዘገበው ሥራ መጥፋት አለመጥፋቱን አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ሰው በዚያች ቅጽበት ከምንም በላይ የሚፈራው ይህንኑ ነውና። አሳጥሩ ስል የኖርሁ ሰው ብሆንም፣ ረጅሙ የቀን ገጽ ከደብተሩ ሁሉ ይበልጥ በእጅ ብዛት ያደፈው እንደነበር ልነግራችሁ ይገባል።

ረቂቁን ከማሳተማችሁ በፊት ለአንድ አዲስ ንብረት ያዥ ስጡትና አንድ ሞዴል 22 መዝግቦ እስኪጨርስ አጠገቡ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ የጠየቃችሁን በቃል ከመመለስ ይልቅ ጥያቄውን ራሱን መዝግቡት። ይህን ሙከራ በሰኔ አታድርጉት፤ በቆጠራ ሰሞን ንብረት ክፍል ውስጥ ወንበር የሚሰጣችሁ አታገኙም።