ከውጭ አገር ዕቃ ማስመጣት፦ የኮዬ ፈጬ፣ የቱሉ ዲምቱና የአካባቢው ሰዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ጎረቤቶች። ስለ ዕቃ አስተላላፊ ድርጅቶች በየቀኑ በውስጥ መስመር ትጠይቁኛላችሁ። ዛሬ ሁሉም በሚያየው ቦታ እንነጋገር። ሥራዬ የጉምሩክ ትራንዚተርነት ነው፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ አስወጣለሁ። ስለ ካርጎና ስለ ቀረጥ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። የትኛው ሱቅ ቅናሽ እንዳለው ግን አትጠይቁኝ፣ አልከታተልም። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የዕቃው ዋጋ፣ የካርቶኑ ልኬት፣ ዕቃው የሚነሳበት አገር።

የኮዬዋ፦ ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ቢያስረዱን። አንድ የአሜሪካ ሱቅ የልጄን ጫማ ወደ ኢትዮጵያ አልልክም አለኝ። ዕቃ አስተላላፊ የሚባለው እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ድርጅቱ እዚያው አሜሪካ መጋዘን አለው። ስትመዘገቢ የመጋዘኑን አድራሻና የራስሽን መለያ ቁጥር ይሰጥሻል። ሱቁ ወደዚያ ይልካል፤ ለሱቁ አንቺ አሜሪካ ያለሽ ደንበኛ ነሽ። ከዚያ ድርጅቱ ወደ አዲስ አበባ ይልክልሻል። መለያ ቁጥሯ ከስምሽ ጎን መጻፍ አለባት። ቁጥር የሌለው ካርቶን መጋዘን ከገባ የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሌላው፣ መጋዘኑ የት ስቴት እንዳለ እዪ። ብዙዎቹ ዴላዌር ወይም ኦሪገን የሆኑት በምክንያት ነው፤ እነዚህ ስቴቶች የሽያጭ ታክስ የላቸውም። አድራሻው ካሊፎርኒያ ከሆነ ሱቁ ገና ስትገዢ ታክስ ይጨምርብሻል።

የገላን ልጅ፦ ስመዘገብ የፓስፖርት ፎቶ ጠየቁኝ። ሌቦች ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ደንብ ነው። በሌላ ሰው ስም ፖስታ የሚቀበል ድርጅት ፎርም 1583 ማስሞላትና መታወቂያ ማየት አለበት። ቴሌግራም ላይ የተዋወቅከው «ወኪል» ፓስፖርትህን ከጠየቀህ ግን አትላክ።

የቂሊንጦው፦ ስንት ያስከፍላል?

መልስ፦ ምኑ? ከየት? ካርቶኑ ስንት በስንት? አሟልተህ ጠይቅ።

የቱሉ ዲምቱ ባለሱቅ፦ እኔ አሟልቼ ልጠይቅ። ሁለት ጥንድ ስኒከር አዝዤ ነበር። ሁለቱም አንድ ላይ ሁለት ኪሎ አይሞሉም። መጋዘኑ ግን የ8 ኪሎ ሂሳብ ላከብኝ። ይሄ ማጭበርበር አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ዛሬ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይሄን አትርሱ። የአየር ካርጎ ሁለት ክብደት አለው። አንዱ ሚዛን ላይ የሚታየው ነው። ሌላው የካርቶኑ ቦታ ነው። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን በሳንቲሜትር አባዝተህ ለ5000 ታካፍላለህ። ከሁለቱ የበለጠውን ያስከፍሉሃል።

ያንተን ላስላው። ሱቁ ሁለቱን የጫማ ሳጥኖች 45 በ35 በ25 በሆነ ካርቶን ከቷቸው ይሆናል። ሲባዛ 39,375፣ ለ5000 ሲካፈል 7.9 ይመጣል። ወደሚቀጥለው ግማሽ ኪሎ ወደ ላይ ተጠጋግቶ 8 ኪሎ። አሁን መጋዘኑን «የጫማ ሳጥኖቹን አውጡና በትንሽ ማሸጊያ አሽጉልኝ» በለው። ጫማው ሳይጨማደድ 35 በ30 በ15 ውስጥ ይገባል። ያ 3.15 ነው፣ በ3.5 ኪሎ ይታሰባል። ሂሳብህ ከግማሽ በታች ወረደ። ለማሸጊያው ትንሽ ያስከፍሉሃል፣ ክፈላቸው።

ሳጥኑ ለማሳያ ያስፈልገኛል የምትል ከሆነ ግን ዋጋውን እያወቅህ አስመጣው። ነገሩ በማጓጓዣው ብቻ አያበቃም። ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ ማጓጓዣው ተጨምሮበት ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ውስጥ ላለው ባዶ ቦታ መጀመሪያ ለካርጎው ትከፍላለህ፣ ቀጥሎ ደግሞ ለጉምሩክ። ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፣ ያሳዝነኛልም።

የአያቷ፦ እኔ ለዚህ ሁሉ ጣጣ ጊዜ የለኝም። ዱባይ የምትመላለስ ልጅ በኪሎ ታመጣልኛለች፣ በሳምንት እጄ ይገባል።

የገላን ልጅ፦ የኔዋም እንደዛ ነበረች። ሻንጣዬ ተያዘብኝ ብላ ስልኳን ዘጋች።

የአያቷ፦ ሰው ማወቅ ነው እንጂ! ሁሉም አንድ አይደለም።

የቱሉ ዲምቱ ባለሱቅ፦ ከሁሉም መርካቶ ይሻላል። አይተህ፣ ነክተህ፣ ተከራክረህ ትገዛለህ።

የገላን ልጅ፦ መርካቶ ያለው ኦሪጅናል ነው ወይ? ጥያቄው እሱ ነው።

የቱሉ ዲምቱ ባለሱቅ፦ ኦሪጅናልም አለ። አንተ የምትገዛበትን ቦታ አታውቅም ማለት ነው።

መልስ፦ መርካቶና ኦሪጅናል ለሌላ ቀን ይቆይልን። ስለ ሻንጣው አንድ ነገር ብቻ ልበል። መንገደኛ ለግል የሚያመጣውና ለሽያጭ የሚያመጣው ዕቃ በጉምሩክ አንድ አይደለም። አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ለንግድ ነው ተብሎ ይታያል። የሚያመጣላችሁ ሰው ኤርፖርት ላይ ቢያዝ እጃችሁ ላይ ምን ማስረጃ አለ? ምንም። በካርጎ ሲሆን የኤርዌይ ቢል፣ ማለትም የአየር ጭነት ሰነድ፣ ቁጥር አለ፣ ኢንቮይስ (የዕቃው ዋጋ የተጻፈበት የሽያጭ ሰነድ) አለ፣ የምትጠይቁት ድርጅት አለ።

የኮዬዋ፦ ጋሼ፣ ቀረጡን በምሳሌ ቢያሳዩን።

መልስ፦ ደግ ጠየቅሽ። የ100 ዶላር ጫማ እንበል። ማጓጓዣው 40 ዶላር። ኢንሹራንሱን ለቀላልነት ልተወው። ሲአይኤፍ የምንለው፣ የዕቃው ዋጋ፣ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ተደምሮ፣ 140 ነው። ጫማ ላይ የጉምሩክ ቀረጡ 35 በመቶ ነው፣ 49 ዶላር። 140 እና 49 ሲደመር 189። በ189 ላይ ቫት 15 በመቶ፣ 28.35። አሁን 217.35 ደርሷል። በዚህ ላይ ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ ግብር 10 በመቶ፣ 21.74 አካባቢ። ሶሻል ዌልፌር የሚባለው 3 በመቶ ደግሞ በሲአይኤፉ ላይ ነው፣ 4.20። ድምሩ 103 ዶላር ከምናምን። የ100 ዶላሩ ጫማ እጅሽ ሲገባ 243 ዶላር ሆነ ማለት ነው።

ከሶሻል ዌልፌሩ በቀር እያንዳንዱ ግብር የሚሰላው ቀድሞት በመጣው ላይ ተደምሮ ነው። በዚህ ምሳሌ ማጓጓዣው ላይ 10 ዶላር በጨመርሽ ቁጥር ወደ 7 ዶላር ከ40 ሳንቲም ግብር ይከተለዋል። ካርቶኑን አሳንሱ እያልኩ የምጮኸው ለዚህ ነው። በዶላር አስቢው፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ በብር ያሰላሽው ዕቃው እስኪደርስ ላይቆይ ይችላል።

የቂሊንጦው፦ ኢንቮይሱ ላይ 100ውን 20 አድርጎ የሚጽፍልኝ ሰው አለ። እንዲህ ይሻላል አይደል?

መልስ፦ አይሻልም። ዋጋ አታሳንሱ። ዋጋ ማሳነስ ወንጀል ነው። ጉምሩክ የዕቃዎች ዋጋ የራሱ መረጃ አለው፣ ያቀረብከውን ጥሎ በራሱ ይገምትብሃል። ዕቃው መንገድ ላይ ቢጠፋ ደግሞ ካሳ የምትጠይቀው በተጻፈው 20 ዶላር ነው።

የጀሞው፦ «ስጦታ» ተብሎ ቢጻፍስ?

መልስ፦ ስጦታም ዋጋ አለው፣ ዋጋው እውነተኛ ይሁን። ይሄንኑ ነው አሁን የመለስኩት።

የሱሉልታው፦ አድራሻ ላይ ምን ልጻፍ? ሱሉልታ ስል ሲስተሙ አያውቀውም። አሁን ደግሞ ሸገር ሲቲ ነን።

የኮዬዋ፦ እኛም ተቸግረናል። የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ ሲወጣ አዲስ አበባ ነበርን፣ አሁን ግማሹ ሰው ሸገር ነው የሚለው።

የአያቷ፦ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ምን ያከራክራል?

የሱሉልታው፦ ያከራክራል እንጂ። ቡራዩም፣ ሰበታም፣ ለገጣፎም፣ ሱሉልታም፣ ገላንም ሸገር ውስጥ ገብተዋል። ወረቀታችን እዚያ ነው።

የአያቷ፦ መታወቂያህን አልጠየቅኩህም፣ ስለ ፖስታ ነው የምናወራው!

መልስ፦ ረጋ በሉ። ካርጎው ስለ ከተማ አስተዳደር አያውቅም። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ቦሌ ነው፣ ዕቃው የሚፈተሸውም እዚያ ነው። «አዲስ አበባ» ብላችሁ ጻፉ። ዚፕ ኮድ ካላስገባችሁ አላሳልፍ ካለ 1000 በሉት። በአድራሻው ሁለተኛ መስመር ላይ ሰፈር፣ ብሎክና የቤት ቁጥር። ከሁሉም በላይ ስልክ፦ 251 ብላችሁ ጀምሩ፣ የመጀመሪያዋን ዜሮ አውጧት። እኛ ሰፈር ሾፌር በአድራሻ ቤት አያገኝም፣ ደውሎ ነው። ስልካችሁ ከተዘጋ ዕቃው ተመልሶ መጋዘን ይገባል፣ ከቆየም የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል። በፖስታ ቤት የምታስልኩ ከሆናችሁ ቤት ድረስ አትጠብቁ፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያስፈልጋችኋል።

የገላን ልጅ፦ ለእናቴ የአሜሪካ ብሌንደር አይቻለሁ፣ ግማሽ ዋጋ ነው። 60 ዶላር፣ ካርቶኑ 40 በ25 በ25። ይምጣ?

መልስ፦ ልኬቱን ስለጻፍክ እግዜር ይስጥልኝ። 5 ኪሎ ነው። ግን አትግዛው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ያንን ብሌንደር እዚህ ሶኬት ላይ ስትሰካው ሞተሩ ይቃጠላል። የሶኬት አዳፕተር የመሰኪያውን ቅርጽ ብቻ ነው የሚቀይረው፣ ቮልቱን አይቀንስም። ቮልቱን የሚቀንሰው ትራንስፎርመር ነው፣ ለብሌንደር የሚበቃው ደግሞ ከባድና ውድ ነው።

ሁሉም ኤሌክትሮኒክስ ግን እንደዚህ አይደለም። አሁን እጅህ ላይ ያለውን የስልክ ቻርጀር ገልብጠው። በደቃቅ ጽሑፍ «ኢንፑት 100-240» የሚል ታገኛለህ፣ ቀጥሎም «50/60» ይላል። ይሄ ያለበት ዕቃ የትም አገር ይሠራል። የላፕቶፕ ቻርጀርም እንደዚሁ ነው። «120» ብቻ የሚል ከሆነ፣ ፀጉር ማድረቂያም ይሁን ካውያ፣ ተወው። ከመግዛትህ በፊት ሻጩን የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ በለው።

የጀሞው፦ ፓወር ባንክ?

መልስ፦ 20,000 ሚሊአምፔር የሚለው በ3.7 ቮልት ሲባዛና ለ1000 ሲካፈል 74 ዋት አወር ነው፤ ዋት አወር ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ ነው። መንገደኛ በእጅ ሻንጣ ይዞት ይገባል፣ እስከ 100 ዋት አወር ይፈቀዳል። በሚጫን ሻንጣ ግን አይሄድም። ብቻውን የሚላክ ሊቲየም ባትሪ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ካርጎ አይጫንም። ብዙ አስተላላፊዎች ጭራሽ አይቀበሉትም። ሽቶና የጥፍር ቀለምም ተቀጣጣይ ናቸው፣ ከማዘዛችሁ በፊት መጋዘኑን ጠይቁ።

የአያቷ፦ ቫይታሚንና የፊት ክሬም?

መልስ፦ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጉዳይ ነው። እዚያ ጠይቂ።

የቂሊንጦው፦ ድሮንስ? ለሠርግ ቀረጻ ነው።

መልስ፦ ፈቃድ ሳትይዝ አታስመጣ። ለሠርግ ነው ማለት ከመያዝ አያድንህም።

የቱሉ ዲምቱ ባለሱቅ፦ ያገለገሉ ልብሶችን ጠቅለል አድርጌ ከአሜሪካ ባመጣስ? እዚያ በነፃ የሚሰጥ ሰው አለኝ።

መልስ፦ ልባሽ ጨርቅ ማስገባት ክልክል ነው። በነፃ ቢገኝም ያው ነው።

የሱሉልታው፦ ክፍያውን በምን እንፈጽም? የኔ ካርድ አይሠራም።

መልስ፦ የብር ኤቲኤም ካርድ የውጭ ሱቅ ላይ አይሠራም። ዓለም አቀፍ ካርድ ለማን እንደሚሰጥ ባንክህን ጠይቅ። እዚያ ዘመድ ያለው ሰው ዘመዱ ይከፍልለታል። ከዚህ በላይ የባንክ ነገር አልመልስም።

የጀሞው፦ ኢቤይ ላይ ያገለገለ ስልክ ልገዛ ነው። ባልወደው እመልሰዋለሁ፣ የገዢ ዋስትና አለ።

መልስ፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ በደንብ አንብበው። የኢቤይ የገዢ ዋስትና ዕቃው የመጀመሪያው አድራሻ ደርሶ ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ ከተላለፈ አይሸፍንህም። መጋዘኑ ሲቀበል «ደርሷል» ተብሎ ተመዝግቧል። እዚህ መጥቶ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ብታገኘው ሻጩ «በደህና አስረክቤያለሁ» ይልሃል።

ስለዚህ ዕቃው ገና መጋዘን ላይ እያለ ነው መፈተሽ ያለበት። አብዛኞቹ ድርጅቶች በትንሽ ክፍያ ከፍተው ፎቶ ያነሱልሃል። ስልኩ ሲበራ፣ ስክሪኑ፣ ጀርባው፣ ሴሪያል ቁጥሩ ይታይ። ችግር ካለ እዚያው አገር ውስጥ ይመለሳል። አንዴ አውሮፕላን ከተጫነ መልሶ መላኩ ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስልኩ በአንድ የአሜሪካ ቴሌኮም ሎክ የተደረገ እንዳይሆንም ጠይቅ፣ የኛን ሲም አይቀበልም።

የጀሞው፦ ፎቶውን አንስተው ከላኩልኝ በኋላ ስንት ቀን አለኝ?

መልስ፦ የሱቁን የመመለሻ ጊዜና መጋዘኑ በነፃ የሚያስቀምጥበትን ጊዜ እይ፣ ከሁለቱ አጭሩ ነው ያለህ።

የቂሊንጦው፦ ጋሼ፣ ዋጋውን 50 ብናደርገውስ? በጣም አላነሰም።

መልስ፦ ዋጋ አታሳንሱ ብያለሁ። በድጋሚ አልመልሰውም።

የኮዬዋ፦ የልጄን ጫማ መጋዘኑ ለክቶ ላከልኝ፣ ያለ ሳጥኑ 28 በ20 በ12። ማጓጓዣው እንዲቀንስ ሌላ ዕቃ ልጨምርበት?

መልስ፦ 28 በ20 በ12 ማለት 1.34 ነው፣ 1.5 ኪሎ ይታሰባል። የመጀመሪያው ግማሽ ኪሎ ነው ውዱ፣ ከዚያ በኋላ ያለው እየረከሰ ይሄዳል። የጎረቤትሽንም ልጅ ጫማ አብረሽ አስመጪ፣ ማጓጓዣውን ትካፈላላችሁ። ኢንቮይሱ ላይ ሁለቱም ጫማ በየዋጋው ይጻፍ። ሁለቱንም በአንድ ማሸጊያ ይክተቱልሽ፣ ከመጫኑ በፊትም አዲሱን ልኬት ላኪልኝ፣ አሰላልሻለሁ።